የቅጹ ክብደት

የዲቪ ምዝገባ በሚከፈትባቸው ዓመታት፣ ጥቅምት ሲገባ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው ግድግዳው ላይ የተወጠረ ነጭ አቡጀዴ ያገኛል። ከአቡጀዴው ፊት በርጩማ፣ ከበርጩማው ትይዩ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተሩ ኋላ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ቀና ያላለ ወጣት አለ። ተራ ጠባቂው እስከ በሩ ተሰልፏል።

«እናቴ፣ መነጽርዎን አንዴ ያውልቁልኝ። በመነጽር የተነሱትን አይቀበልም።»

«እሺ ልጄ። እንዲህ ልሁን?»

«ቀና ይበሉ። ወደ እኔ ይዩ። በቃ፣ ጨርሰናል።»

እሳቸው ጨርሰዋል፤ እሱ ገና ነው። ፎቶውን ከስልኩ ወደ ኮምፒውተሩ ያዛውራል፣ ዙሪያውን ይቆርጣል፣ ያሳንሰዋል፣ ያስቀምጠውና የፋይሉን መጠን ያያል። አሁንም ከባድ ነው። እንደገና ያሳንሰዋል። ቅጹ የሚቀበለው ጎኖቹ እኩል የሆኑ፣ 600 በ600 ፒክስል ያለው፣ በጄፔግ የተቀመጠና ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ ፎቶ ነው። ሌላውን ይመልሳል።

ይህ ልክ በዘፈቀደ የወጣ አይደለም። ዲቪ በፖስታ መላኩ ቀርቶ በኢንተርኔት ብቻ መሞላት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ላይ፣ ለዲቪ 2005 በተደረገው ምዝገባ ነው። ያን ጊዜ የሚፈቀደው ፎቶ ቁመቱ 320፣ ወርዱ 240 ፒክስል፣ ክብደቱም ቢበዛ 62,500 ባይት ነበር። ካሜራውም መስመሩም እየተሻሻለ ሲሄድ ልኩ ከፍ አለ፤ ግን ያለ ገደብ አልተለቀቀም። ፎቶው የሚፈለገው ፊቱ እንዲታወቅና አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አለመመዝገቡ ፊትን ከፊት በሚያመሳስል ፕሮግራም እንዲጣራ ነው። ለዚህ ሥራ የሸሚዙ ክር መታየት አያስፈልገውም።

ሒሳቡን እንየው። ዛሬ በየኪሱ ያለው ተራ ስልክ 4000 በ3000፣ ማለትም 12 ሚሊዮን ፒክስል ያለው ፎቶ ያነሳል። 600 በ600 ደግሞ 360,000 ፒክስል ነው። ስልኩ የሚያመርተው ከሚፈለገው 33 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። አሥር ሚሊዮን ሰዎች እያንዳንዳቸው 3 ሜጋባይት ፎቶ ቢልኩ 30 ቴራባይት ይከማቻል፤ በ240 ኪሎባይት ልክ ግን ቢበዛ 2.4 ቴራባይት ይሆናል። ለላኪውም እንዲሁ ነው። በሁለተኛው ትውልድ የሞባይል መስመር ላይ በሰከንድ 100 ኪሎቢት ያህል ያገኘ ሰው 3 ሜጋባይቱን ለመላክ አራት ደቂቃ ይጠብቃል፤ መሐል ላይ መስመሩ ከተቆረጠ እንደገና ከመጀመሪያው። 150 ኪሎባይት የሆነውን ግን በ12 ሰከንድ ይልከዋል።

እንግዲህ ልኩ ትክክል ነው። የማልስማማው በአሠራሩ ነው። ፎቶውን የማሳነሱ ሥራ በአመልካቹ ላይ ወድቋል፤ አመልካቹም ስለማይችል ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ይከፍላል። ያ ወጣት ቀኑን ሙሉ በእጁ የሚሠራውን ቅጹ ራሱ ሊሠራው ይችላል። የዛሬ ብራውዘሮች ተጠቃሚው የመረጠውን ፎቶ ከመላኩ በፊት እዚያው ስልኩ ላይ የማሳነስ አቅም አላቸው፤ ቅጹን የጻፈው ባለሙያ ጥቂት መስመር ኮድ መጨመር ብቻ ይጠበቅበታል። «ፎቶዎ ከመጠን በላይ ነው» የሚል ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ ሰውን ከመመለስ፣ ተቀብሎ አሳንሶ ማስገባት ይቻላል።

ሰውየው ለቅጹ የሚያስረክበው ምስል ይህ ነው። ቅጹ ራሱ ለሰውየው የሚያሳየውም ምስል አለ፦ አርማ፣ ማስጌጫ፣ ማብራሪያ ሥዕል፣ አንዳንዴም ገጹ በሙሉ። የበለጠ የሚባክነው በዚህ በኩል ነው፤ ምክንያቱም ቅጹን የሚሠራው ሰው ጥሩ ዋይፋይ ባለበት ቢሮ ተቀምጦ ስለሚሠራው ክብደቱ አይሰማውም። የሚሰማው ካርድ ሞልቶ ዳታ ለገዛው፣ ገጹ እስኪከፈት ስልኩን ከፍ አድርጎ ለሚጠብቀው ነው።

የወረቀቱ ፎቶ

ብዙ መሥሪያ ቤት «ቅጻችንን ዲጂታል አድርገናል» ሲል ያደረገው ነገር የወረቀቱን ቅጽ ስካን ማድረግ ነው። ማህተሙ፣ የተጣመመው መስመር፣ የስቴፕለሩ ቀዳዳ ሳይቀር ይነሳል። ከዚያ ያ ምስል እንደ ወለል ይነጠፍና በላዩ ላይ መሙያ ሳጥኖች ይደረደራሉ።

አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ ስካን ሲደረግ 2480 በ3508 ፒክስል፣ ማለትም ወደ 8.7 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል። በቀለም ከተነሳ ሳይታመቅ 26 ሜጋባይት ነው። በጄፔግ ቢታመቅም ብዙ ጊዜ አንድ ሜጋባይት አካባቢ ይቀራል። ያው ገጽ በጽሑፍ ቢጻፍስ? የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል። 1,500 ፊደል ያለው ቅጽ እንግዲህ 4,500 ባይት ነው። መስመሮቹንና ሳጥኖቹን ጨምረንበት እንኳ ከስካኑ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ይህ ልማድ በአንድ ወቅት በቂ ምክንያት ነበረው። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎቹም ፕሮግራሞች ፊደሉን በየራሳቸው ቁጥር በሚያስቀምጡበት ዘመን፣ እዚህ ተጽፎ እዚያ የተከፈተ ሰነድ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። አማርኛውን አንብቡልን ለማለት ያለው አስተማማኝ መንገድ ጽሑፉን ምስል አድርጎ መላክ ነበር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ2007 ገበያ ላይ የዋለው ዊንዶስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ከመጣ ወዲህ፣ ችግሩ እየጠፋ ሄዷል። ዛሬ ርካሹ የአንድሮይድ ስልክ እንኳ አማርኛ ያነባል። ልማዱ ግን ምክንያቱ ካለፈም በኋላ ቆይቷል።

ጉዳቱ ክብደቱ ብቻ አይደለም። ምስል የሆነ ጽሑፍ ውስጥ ቃል መፈለግ አይቻልም። በስልክ ሲያሰፉት ይደበዝዛል። ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ስልክ የሚጠቀም ዓይነ ስውር እንዲህ ያለውን ቅጽ ሲከፍት የሚሰማው «ምስል» የሚል አንድ ቃል ነው። የትኛው ሳጥን ስም፣ የትኛው የትውልድ ቀን እንደሚፈልግ የሚነግረው የለም። በራሱ ሊሞላው የሚችለውን ቅጽ የሰው እጅ ጠብቆ እንዲያስሞላ መገደዱ ሊያሳፍረን ይገባል።

ስካን ማድረግ የግድ በሚሆንበት ጊዜ፣ ለምሳሌ አሮጌ ሰነድ ከቅጹ ጋር መያያዝ ካለበት፣ በቀለም ከማንሳት ይልቅ በጥቁርና ነጭ ማንሳት ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ያው ገጽ ሳይታመቅ ከ26 ሜጋባይት ወደ 1.1 ሜጋባይት ይወርዳል፤ መጀመሪያ ለፋክስ በተሠራው፣ ግሩፕ 4 በሚባለው ዘዴ ሲታመቅ ደግሞ አንዲት ነጥብ ሳትጠፋ ብዙውን ጊዜ በአሥሮች ኪሎባይት ይሆናል።

ማመቅ ግን ሳይመረምሩ የሚያምኑት ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ አንድ የሕንፃ ፕላን በዜሮክስ ማሽን ስካን ተደርጎ ሲወጣ ቁጥሮቹ ተቀይረው አገኘ። በፕላኑ ላይ የሦስት ክፍሎች ስፋት 14.13፣ 21.11 እና 17.42 ካሬ ሜትር ነበር፤ በቅጂው ላይ ሦስቱም 14.13 ሆነዋል። ማሽኑ ይጠቀምበት የነበረው ጄቢግ 2 የተባለው የማመቂያ ዘዴ የሚመሳሰሉ ምልክቶችን ለይቶ አንዱን ብቻ ያስቀምጥና በየቦታው ይደግመዋል። መመሳሰሉን ሲሳሳት አንዱ ቁጥር በሌላው ቦታ ይገባል። የደበዘዘ ቁጥር ያጠራጥራል፤ ይህ ግን ጥርት ያለ ሆኖ የተሳሳተ ነው። ኩባንያው ማስተካከያ ሶፍትዌር አውጥቷል። የደረሰኝ፣ የካርታ፣ የባንክ ስሊፕ ምስል የሚቀበል ቅጽ የሚሠራ ሰው ይህን ታሪክ ማወቅ አለበት፤ ቁጥር ያለበት ሰነድ ምንም በማይጥል ዘዴ ቢታመቅ ይመረጣል።

በጥግ ላይ ያለው አርማ

አርማው መታየቱ ተገቢ ነው፤ ሰው ቅጹ የማን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቅጹ የሚገባው ለባነር የተሠራው ትልቁ ፋይል ነው። ሠራተኛው በማውዝ ጥጉን ይዞ ያሳንሰዋል፣ በስክሪኑ ላይ ሁለት ሴንቲሜትር ይሆናል፣ ያነሰም ይመስላል። ያነሰው የሚታየው ስፋት ብቻ ነው፤ ባይቱ እንዳለ ተቀምጧል። ሁለት ሴንቲሜትር በ300 ዲፒአይ ለማተም እንኳ 236 ፒክስል ይበቃል። ምስሉን በምስል ማረሚያ ፕሮግራም አሳንሶ ከዚያ ማስገባት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

አርማው ክብና ጽሑፍ፣ ኮከብና ስንዴ ዘለላ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ በፒክስል መቀመጥ የለበትም። ኤስቪጂ የተባለው ዓይነት ቅርጹን በመስመርና በቀለም መመሪያ ይይዘዋል፤ ጥቂት ኪሎባይት ይሆናል፣ ቢያሰፉትም አይደበዝዝም። ጄፔግ ለፎቶ የተሠራ ነው፤ ምስሉን በ8 በ8 ፒክስል ቁራጭ እየከፋፈለ ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ይጥላል። ለፊት ቆዳና ለሰማይ መልካም ነው፤ በፊደልና በማህተም ጠርዝ ላይ ግን ጭጋግ የመሰለ ቆሻሻ ይተዋል። ለእነሱ ፒኤንጂ ይሻላል፤ ሹል ጠርዝና ጥቂት ቀለም ላለው ምስል ንጹሕም ቀላልም ነው።

የመደጋገሙ ነገርም አለ። ባለ አሥር ገጽ ቅጽ በየገጹ ራስጌ አርማ ይፈልጋል እንበል። ፒዲኤፍ አንድን ምስል አንድ ጊዜ አስቀምጦ ከሁሉም ገጽ እንዲጠራ ያስችላል። ነገር ግን ሠሪው አርማውን በየገጹ ቀድቶ ከለጠፈው ፕሮግራሙ አሥር ቅጂ ሊያስቀምጥ ይችላል። ለዚህ ነው የቅጽ መሥሪያ ፕሮግራሞች ለሁሉም ገጽ የሚያገለግል ዋና ገጽ የሚኖራቸው፤ የሚደጋገመው ሁሉ እዚያ አንድ ጊዜ ይቀመጣል። በኤክስኤምኤል ላይ የተመሠረቱ ቅጾች ደግሞ ምስሉን ወደ ተራ ፊደላት ለውጠው፣ ቤዝ 64 በሚባለው መንገድ ስለሚይዙት ክብደቱ በሲሶ ይጨምራል። 300 ኪሎባይት የነበረው አርማ 400 ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቀላል መፍትሔ አገኘሁ ይላል፦ ምስሉን ቅጹ ውስጥ ላለማስገባት፣ ሌላ ቦታ አስቀምጦ አድራሻውን ብቻ መስጠት። አዶቤ ላይቭሳይክል ዲዛይነርን የመሰሉ ፕሮግራሞች ሁለቱንም ምርጫ ይሰጣሉ። ቅጹን ሁልጊዜ ኢንተርኔት ላይ ለሚሞላ ሰው አድራሻውን መስጠቱ ጥሩ ነው፤ ምስሉ አንድ ጊዜ ወርዶ በስልኩ ይቀመጥና በሚቀጥለው ጊዜ በነፃ ይታያል። ቅጹ በኢሜይል፣ በቴሌግራም ወይም በፍላሽ ከሰው ሰው የሚተላለፍ ከሆነ ግን አድራሻው የሠሪው ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፎልደር ሆኖ ይቀራል፤ ወረዳ ላይ የተከፈተው ቅጽ ባዶ ሳጥን ያሳያል። የሚጓዝ ቅጽ ምስሉን ይዞ መጓዝ አለበት፤ ይዞ የሚጓዝ ከሆነ ደግሞ ምስሉ መቅለል አለበት።

ስንዴው መሐል

ምስል ክብደቱን የሚያወጣበት ቦታ አለ፤ እዚያ ስስት አልመክርም።

ሞረትና ጅሩ ውስጥ፣ ስንዴው ዘለላ ባወጣበት ሰሞን፣ የግብርና ባለሙያዋ ከማሳው ጠርዝ ጎንበስ ብላ ቅጠል ታገላብጣለች። ባለማሳው አጠገቧ ቆመዋል።

«ዋግ ነው እንዴ ልጄ?»

«ዋግ ይመስላል ጋሼ። የትኛው እንደሆነ ልይልዎት።»

ስልኳን ታወጣለች። ቅጹ «የዋጉ ዓይነት» የሚል ጥያቄ አለው፤ ከሥሩ ሦስት ፎቶዎች። በቢጫ ዋግ የተያዘ ቅጠል ላይ ቢጫ ብናኝ በቅጠሉ ርዝመት ልክ እንደ መስመር ተሰልፎ ይታያል። የቅጠል ዋግ ብርቱካንማ ቡናማ የሆኑ ትናንሽ ክብ ነጠብጣቦችን በቅጠሉ ላይ ይበትናል። የግንድ ዋግ ደግሞ ግንዱን ቀድዶ የሚወጣ፣ የሸክላ ቀለም ያለው ረዘም ያለ ቁስል ነው። ይህን በሦስት አንቀጽ መጻፍ ይቻላል፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚያነበው ግን የለም። ፎቶውን ከቅጠሉ ጎን አድርጎ ማየት የአፍታ ሥራ ነው።

ስህተቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አገራችን ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳን የመሰሉ በሰፊው የተዘሩ ዝርያዎችን መታ። ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ የተስፋፋውን ዲጋሉን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 በባሌና በአርሲ የግንድ ዋግ አወደመው። አንዱን ዓይነት የሚቋቋም ዝርያ ለሌላው ይሸነፋል፤ ስለዚህ ከማሳ የሚመጣው መረጃ «ዋግ አለ» ከማለት አልፎ የትኛው እንደሆነ መናገር አለበት።

እነዚህን ሦስት ፎቶዎች ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ወይም እስኪደበዝዙ ማመቅ ጥፋት ነው፤ መለያው ቀለሙ ነውና። መቆጠብ የሚገባው ሌላው ላይ ነው። የሰማዩንና የማሳውን ዳራ ቆርጦ ቅጠሉን ብቻ ማስቀረት ይቻላል። ብዙ ርካሽ ስልኮች ስክሪናቸው በወርድ 720 ፒክስል ስለሆነ ፎቶው ከዚያ ብዙ መብለጥ አያስፈልገውም። እንዲህ ከተዘጋጀ አንዱ ፎቶ ከ100 ኪሎባይት በታች ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱ ተደምረው ስልኩ አንድ ጊዜ ከሚያነሳው የአንዱ ፎቶ አንድ አሥረኛ ገደማ ይሆናሉ።

ስሙም በምስሉ ላይ አይጻፍ። «ቢጫ ዋግ» የሚለው ጽሑፍ ከምስሉ ሥር፣ በፊደል ከተቀመጠ ያው ፎቶ ለአማርኛው፣ ለአፋን ኦሮሞውና ለትግርኛው ቅጽ ያገለግላል። በምስሉ ላይ ከተጻፈ ግን ለየቋንቋው ሌላ ፎቶ ይሠራል፤ ቅጹም በዚያው ልክ ይከብዳል፤ አንድ ፊደል ቢሳሳት እንኳ ምስሉ እንደገና ይዘጋጃል።

ለእንዲህ ዓይነት የመስክ ሥራ የተስማሙ መሣሪያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ተጀምሮ በዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ በጌታኖ ቦሪዬሎ መሪነት ያደገው ኦዲኬ፣ ከእሱም የተወለደው ኮቦ ቱልቦክስ፣ የቅጹን ምስሎች መጀመሪያ ቅጹ ሲወርድ ስልኩ ላይ ያስቀምጧቸዋል። ባለሙያዋ ከተማ ሳለች አንድ ጊዜ አውርዳ ከዚያ መስመር በሌለበት ማሳ ውስጥ ትሠራለች፤ ስትመለስ የምትልከው መልሱን ብቻ ነው።

መልሱ ውስጥ ፎቶ ቢኖርስ? ቅጹን የሚሠራው ሰው በፎቶው ጥያቄ መስመር ላይ የፒክስሉን ጣሪያ፣ ለምሳሌ 1024 ብሎ ይጽፋል። ስልኩ ያነሳውን 4000 በ3000 ራሱ ወደ 1024 በ768 ያወርደዋል፤ ፒክስሉ 15 ጊዜ ያህል ይቀንሳል። ባለሙያዋ ምንም አትነካም። ቅጠሉ ቀርቦ ከተነሳ በዚህ መጠን ብናኙ በደንብ ይታያል፤ ከዚህ በታች ማውረድ ግን ምርምር ማዕከል ላይ ሆኖ ለሚመረምረው ሰው ግምት ብቻ ይተውለታል። ፎቶው ከየማሳው መጠየቁም አያስፈልግም። ባለሙያዋ «እርግጠኛ አይደለሁም» የሚለውን ስትመርጥ ብቻ የፎቶው ጥያቄ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል። ብዙ ቅጽ ሠሪዎች «ለማንኛውም ይኑረን» ብለው የሚያስነሱት ፎቶ ማንም ሳያየው ሰርቨር ላይ ይከማቻል፤ ለመላክ የወጣው ዳታና ጊዜ ግን የባለሙያዋ ነበር።

በጨረታ ሰነዱ ውስጥ

መሥሪያ ቤቶች ኤሌክትሮኒክ ቅጽ ሲያሠሩ የገጹን ቀለም፣ የአርማውን ቦታ፣ አንዳንዴም የኃላፊውን ፎቶ በዝርዝር ያዛሉ። ስለ ክብደቱ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም። ቅጹም በስብሰባ አዳራሽ በፕሮጀክተር ታይቶ፣ ተጨብጭቦለት ይጸድቃል። ከዚያ ወረዳ ላይ ሲከፈት ገጹ ነጭ ሆኖ ይቆያል፤ ባለጉዳዩ «ሲስተም የለም፣ ነገ ይምጡ» ይባላል። ሲስተሙ ግን አለ፤ ከላይ የተቀመጠውን ባለ ብዙ ሜጋባይት ፎቶ እያወረደ ነው።

እኔ ብጠየቅ በጨረታው ሰነድ ውስጥ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች አስጨምራለሁ። ቅጹ መጀመሪያ ሲከፈት ምስሎቹን ጨምሮ ከ300 ኪሎባይት አይበልጥም። በምስል የተቀመጠ ጽሑፍ አይኖረውም፤ መረጃ የሚሰጥ ምስል ሁሉ በቃል የሚገልጸው አጭር ጽሑፍ ይኖረዋል። ከሰው የሚቀበለውን ፎቶ ከመላኩ በፊት ራሱ ያሳንሳል። ሥራውም የሚረከበው በኮሚቴው ላፕቶፕ ላይ ታይቶ አይደለም፤ ከዋና ከተማው ወጣ ባለ ቀበሌ፣ ዋይፋይ ጠፍቶ፣ ቅጹን የሚሞላው ሰው በሚይዘው ዓይነት ስልክ፣ ሰዓት ተይዞ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ «ላክ» ድረስ ተሞክሮ ነው። ይህ ሙከራ ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድም። የመጨረሻው ክፍያ ከዚያ በኋላ ይፈጸም።